ጥቁር ጭስና የአሮጌ መኪና ዋጋ

ሻጭ ያቃልለዋል፣ ገዢ ይፈራዋል፤ ሁለቱም ሳይለኩ ይዋዋላሉ

በአዲስ አበባ የአሮጌ መኪና ገበያ አንድ የተለመደ ትዕይንት አለ። ሻጩ ቁልፉን ያዞራል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ቦለል ብሎ ይወጣል። ደላላው «ቀላል ነው፣ ካርቡሬተር ማሳጠብ ነው» ይላል። ገዢው ይዞት የመጣው መካኒክ በበኩሉ «ይኼ ሞተር መውረዱ አይቀርም» ብሎ በጆሮው ያንሾካሹክለታል። በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሆኖም ብዙውን ጊዜ ሁለቱም የተናገሩት ካንዴላ እንኳን ሳይፈቱ ነው።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ጀምሯል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገልጿል። በዚህ የተነሣ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና በቀላሉ የማይተካ ንብረት ሆኗል። የሚጠጣው ቤንዚንም ከባለቤቱ ኪስ የሚወጣ ዋና ወጪ ነው።

ቤንዚን በዛ ሲባል

የቤንዚን ሞተር የሚሠራው አየርና ቤንዚን ተደባልቀው ሲቃጠሉ ነው። ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን የተሟላ ቃጠሎ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። ቤንዚኑ ከዚህ ልክ ሲያልፍ፣ ወይም አየሩ ሲያንስ፣ የተረፈው ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ጥቁሩ ጭስ ይኸው ነው። ሽታው የቤንዚን ነው፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲቆም ይንገጫገጫል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል።

የጭሱን ቀለም መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ያቃጥላል፤ የፒስተን ፋሻ ወይም የባልቦላ ጎማ ማለቁን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ወፍራም ነጭ ጭስ ከሆነ ውኃ ወደ ማቃጠያው እየገባ ሊሆን ስለሚችል የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ሞተር የሚያስወርዱት በአብዛኛው ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። ጥቁሩ ጊዜ ካልሰጡት በስተቀር ከሞተሩ ውጭ ባሉ ዕቃዎች የሚስተካከል ነው።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ችግሩን የሚያባብሰው ፍተሻው ከውድ ዕቃ መጀመሩ ነው። ቅደም ተከተሉ መሆን ያለበት ወጪ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው ነው።

አንደኛ፣ ካንዴላዎቹ ይፈታሉ። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ነው። አራቱም በደረቅ ጥቀርሻ ከጠቆሩ ምክንያቱ አራቱን በጋራ የሚመግበው ክፍል ላይ ነው፤ ይኸውም የአየር ማጣሪያው፣ ቾኩ ወይም ካርቡሬተሩ ነው። አንዷ ብቻ ከጠቆረች ግን ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ብቻ ነው። ገመዱ፣ የካንዴላው እሳት መድከም ወይም የዚያ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን መውረድ ይታያል። ካንዴላው ደረቅ ሳይሆን ዘይት የቀባው ከሆነ ነገሩ ወደ ፋሻና ባልቦላ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ የአየር ማጣሪያው ወጥቶ ወደ ብርሃን ይያዛል። ብርሃን የማያሳልፍ ማጣሪያ አየርም አያሳልፍም። በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና ማጣሪያው ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ ይደፈናል። መኪናው ቆሞ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ማጣሪያ ሲነሣ ጭሱ ከቀነሰ ምርመራው እዚያው አለቀ።

ሦስተኛ፣ ቾኩ ይታያል። ቾክ በጠዋት ብርድ ሞተር ለማስነሣት አየር የሚቀንስ ክዳን ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። ገመዱ የዛገ ወይም ክዳኑ የተጣበቀ መኪና ቀኑን ሙሉ የጠዋት ቤንዚኑን ሲጠጣ ይውላል።

አራተኛ፣ የካርቡሬተሩ የቤንዚን መጠን ይፈተሻል። በካርቡሬተሩ ማጠራቀሚያ ውስጥ ተንሳፋፊና ቤንዚን የምትዘጋ መርፌ አሉ። መርፌዋ ካለቀች ወይም ቆሻሻ ከያዛት፣ ተንሳፋፊው ተበስቶ ቤንዚን ከሞላው፣ ቤንዚኑ ከልኩ በላይ ከፍ ይላል። ሞተሩ ጠፍቶም በካርቡሬተሩ አፍ ቤንዚን ሲንጠባጠብ መታየቱ፣ ወይም መኪናው ሞቆ ሲጠፋ ተመልሶ አልነሣ ማለቱ ዋናው ምልክት ነው።

አምስተኛ፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይመረመራሉ። እነዚህ በነሐስ የተሠሩ ልኬት ያላቸው ዕቃዎች ናቸው። ካርቡሬተር ሲታጠብ በሽቦ የሚወጉ ከሆነ ቀዳዳቸው ይሰፋል፤ አንዴ ከሰፋ በማጠብ አይመለስም። «ሦስት ጊዜ አሳጠብኩት፣ ባሰበት» የሚል ባለመኪና ምክንያቱን እዚህ ቢፈልግ አይሳሳትም። መታጠብ ያለባቸው በማጽጃ ፈሳሽና በአየር ግፊት ነው።

የከፍታው ድርሻ

ዕቃው ሁሉ ደህና ሆኖም ቤንዚን የሚበዛበት አሮጌ መኪና አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ለቆላ አገር የተለካ ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። የሚገባው አየር ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል። በድሬዳዋ ወይም በአዋሽ በደንብ ሲሠራ የኖረ ዲኤክስ አዲስ አበባ ሲመጣ ማጨሱ ስለዚህ ብዙም አያስገርምም። መፍትሔው ለከፍታው የሚስማማ ጠበብ ያለ ቀዳዳ መግጠምና ሚኒሞውን ማስተካከል ነው። ያው መኪና ለረጅም ጊዜ ወደ ቆላ ሲመለስ ግን ቤንዚን እንዳያንሰው ወደ ቀድሞው ልኬት መመለስ ይኖርበታል።

ካርቡሬተር የሌላቸው

በኮምፒውተር ቤንዚን የሚረጩ መኪኖች ለከፍታው ራሳቸው ይስተካከላሉ፤ የራሳቸው በሽታ ግን አላቸው። ኮምፒውተሩ ሞተሩ መሞቁን የሚያውቀው ከውኃ ሙቀት መለኪያው ነው። መለኪያው ከተበላሸ ሞተሩ ሁልጊዜ ብርድ ላይ ያለ ይመስለውና ቤንዚን ይጨምራል። «ሙቀት እንዳያስቸግር» ተብሎ ቴርሞስታቱ ወጥቶ የተጣለበት መኪናም ቶሎ ስለማይሞቅ በዚያው መንገድ ቤንዚን ያባክናል። የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያው መበላሸቱ የሚታወቀው ከእርሱ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቀጭን የአየር ቱቦ ሲነቀል ውስጡ ቤንዚን ከተገኘ ነው። የሚያፈስ መርጫና የጭስ ማውጫው የኦክሲጅን መለኪያም ከተጠርጣሪዎቹ ውስጥ ናቸው። እነዚህ ዕቃዎች ውድ ስለሆኑ በግምት ከመቀየር በፊት በመሣሪያ ማስለካት ያዋጣል።

ሒሳቡ

በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ይጠጣ የነበረ መኪና 13 ሊትር መጠጣት ጀመረ እንበል። በወር 2,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ትርፉ ወጪ በወር 60 ሊትር፣ በዓመት 720 ሊትር ነው። የዕለቱን የሊትር ዋጋ በ720 ማባዛት የባለመኪናው ፈንታ ነው። የአየር ማጣሪያ ወይም የካርቡሬተር መርፌ ዋጋ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጉዳቱ በቤንዚን ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ከዘይት ያጥባል፣ ወርዶም የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል። ዘይት ያጣ ፋሻ ይበላል። በጊዜው በጥቂት ወጪ ሊስተካከል የሚችል ችግር በቸልታ ሲከርም መካኒኩ የፈራው የሞተር መውረድ ይመጣል። የዘይት መለኪያ ዘንጉ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ካስተካከሉ በኋላ ዘይቱን መቀየር ግድ ነው። እንዲህ ያለ መኪና መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ስለሚያወጣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አስነሥቶ መቆም ለሕይወት ያሰጋል።

ለገዢና ለሻጭ

መኪና ለማየት የሚሄድ ሰው ሞተሩ ሳይነሣ ቀዝቅዞ እንዲጠብቀው አስቀድሞ ቢነግር መልካም ነው፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከዚያ ካንዴላዎቹ ይፈቱ፣ ኮምፕሬሽንም ይለካ። የአራቱ ሲሊንደሮች ልኬት ተቀራራቢና በቂ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው፤ ክርክሩ በካርቡሬተር ዋጋ ላይ ይሆናል። አንዱ በጣም ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ይቻላል። ልኬቱ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻ ነው፣ ካልተነቃነቀ ባልቦላው ይጠረጠራል። ያን ጊዜ ገዢው ከዋጋው ላይ የሞተር ሥራ እንዲቀነስለት ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ሻጩም ቢሆን ከዚህ ፍተሻ የሚያጣው ነገር የለም። ማጣሪያ ቀይሮ፣ ቾኩን አላቅቆ፣ ጭሱን አጥፍቶ ገበያ የወጣ መኪና፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ «ቀላል ነው» ከሚባልለት መኪና የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ደላላውም የኮምፕሬሽኑን ልኬት በወረቀት ይዞ ከቀረበ ገዢውን ለማሳመን ብዙ መማል አያስፈልገውም።