ብርብራና ነቀዝ

የቤት እመቤት ጎታዋን ከፍታ ከስንዴው ላይ ዱቄት ብታይ ጠላቷ ማን እንደ ሆነ አይጠፋትም። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአምበርም ስንዴና በቆሎ የሚያከማች ቤተ ሰብ ሁሉ ያውቀዋል።

ነቀዝ ርዝመቱ ከ4 ሚሊሜትር እምብዛም የማያልፍ ጥንዚዛ ነው። እንስቲቱ ፍሬውን በአፏ ሰርስራ ዕንቍላሏን በውስጡ ታኖራለች፤ ትሉም በዚያችው በአንዲት ፍሬ ውስጥ እየበላ ያድጋል። በዕድሜዋ 300 ያህል ዕንቍላል ልትጥል ትችላለች። ጤፍ ከነቀዝ የሚድነው በታናሽነቱ ነው፤ ትሉ የሚያድርበት ስፍራ አያገኝምና።

ብርብራ ደግሞ በአገራችን ብቻ የሚበቅል፤ ቁመቱ እስከ 25 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ነው። ነቀዝ በብዛቱ ሲኖር፤ ብርብራ ከቆመበት መሸሽ የማይችል ስለ ሆነ መርዙን በፍሬው ይዟል፤ ስሙም ሮቴኖን ይባላል። ወደ ጣና በሚገቡት ወንዞች አንዳንድ አጥማጆች ፍሬውን ወቅጠው በመበተን ዓሣውን ያደነዝዛሉ፤ ለመራባት የወጣውን ዓሣ ስለሚፈጅ ግን ይህ ልማድ የሚያስመሰግን አይደለም። የአገራችን ተመራማሪዎችም የፍሬው ዱቄት የጎተራ ነቀዝን እንደሚገድል በሙከራ አሳይተዋል።

ዳሩ ግን ዓሣን የሚያደነዝዝ ዱቄት ወደ ምጣድ ከሚሄድ እህል ጋራ ሊደባለቅ አይገባውም። ለምግብ የሚሆነውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ አበጥሮ ማኖር ይሻላል። በብርብራ የሚጠበቀው ለከርሞ የሚዘራው ብቻ ይሁን፤ እርሱም በተለየ ዕቃ ተከድኖ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ፤ የደባለቀውም ሰው እጁን በሚገባ ይታጠብ።