ዘመድ የሚመራው ምርመራ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1987 አንዲት የ18 ዓመት ካናዳዊት ከ20 ዓመት ወዳጇ ጋር ድንበር ተሻግራ ወደ ሲያትል እንደሄደች ቀረች። የሁለቱም አስከሬን በቀናት ውስጥ በዋሽንግተን ግዛት ተገኘ፤ ልጅቷ ተደፍራ ነበር። ገዳዩ የተወው የዘር ፈሳሽ ተወስዶ ቢቀመጥም ባለቤቱ 30 ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ ኖረ። የፖሊስ የዲኤንኤ መዝገብ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነውና፦ ይህ ሰው ከዚህ በፊት ተይዞ ናሙና ሰጥቷል? ካልሰጠ መልስ የለም። የዘር ሐረግ ምርመራ ሰውየውን ትቶ ዘመዶቹን ይጠይቃል። የተለመደው ምርመራ 20 ገደማ የዲኤንኤ ነጥቦችን ሲያነጻጽር ይህኛው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩትን ያነባል፤ ስለዚህ ቅድመ አያት ብቻ የሚያገናኛቸውና ከዲኤንኤያቸው 3 ከመቶ ገደማ የሚጋሩ ሰዎችን እንኳ ዝምድና ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2018 የገዳዩ ናሙና፣ ሰዎች ዘመድ ፍለጋ የራሳቸውን ውጤት በሚያስገቡበት ጄድማች በተባለው ቋት ውስጥ ሲነጻጸር ሁለት የሩቅ ዘመዶች ወጡ፤ አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በእናቱ ወገን። የዘር ሐረግ ባለሙያዋ ሲሲ ሙር ከቅድመ አያቶቻቸው ተነስታ በቤተሰብ መዛግብት ወደ ታች ወረደች። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጋብቻ ተገናኙ፤ ከዚያ ጋብቻ የተወለደው ወንድ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፦ ዊሊያም ታልቦት። ከመኪናው የወደቀ የመጠጫ ኩባያ ተነስቶ ሲመረመር ዲኤንኤው ገጠመ፤ በጁን 2019 ዳኞች ጥፋተኛ አሉት።

ብዙ ሰው ይህን የቤተ ሙከራ ድል አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ ግን ማሽኑ ከሦስት ነገሮች በኋላ የመጣ ይመስለኛል፦ 31 ዓመት ሳይበላሽ የቆየ ናሙና፣ የዝምድና መዝገብ፣ እና በሩን ያልዘጋ ሕግ። ወደ እኛ ስንመለስ ጉድለታችን ብዙዎች በሚያስቡት ቦታ አይደለም። ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዱ በሆነው በሶፊም ሆነ በጀጎል ግንብ ውስጥ የዝምድና እውቀት ሞልቷል። የአባቶቹን ስም ወደ ላይ የሚቆጥር ሽማግሌ አለ፤ በሐረሪዎች ዘንድ ለሠርግም ለቀብርም የሚሰበሰበው አፎቻ የማን ልጅ ለማን እንደተዳረች ያውቃል። የጎደለው ወረቀቱ ነው። ስማችን በአባትና በአያት ስለሚያበቃ፣ አሜሪካዊው ባለሙያ የቤተሰብ ስም ይዞ መቶ ዓመት ወደ ኋላ እንደሚሄደው መሄድ አይቻልም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው። እዚህ የዘር ሐረግ የሚሠራ መርማሪ ከማኅደር ይልቅ ሰው መጠየቅ ይኖርበታል። በዘመድ ዲኤንኤ ሰውን መለየት ለአገሩ ባዳ አይደለም፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰው አውሮፕላን 157 ሰለባዎች ማንነት ሲጣራ ከዘመዶች የተሰበሰበ ናሙና ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ሰው መጠየቅ ግን አደጋ አለው፤ የዘዴው ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ዋና ነጥብም እኛ ዘንድ ከአሜሪካ ይልቅ ይከብዳል። አንድ ሰው ዲኤንኤውን ሲሰጥ ያልተጠየቁ የአጎቶቹን ልጆች ሁሉ አብሮ ይሰጣል ይላሉ፤ እውነት ነው። ደም ሲፈስ ጎሳው በሙሉ ለጉማ፣ ማለትም ለደም ካሳ ዕርቅ፣ በሚቀመጥበት አካባቢ፣ «ገዳዩ ከእነ እገሌ ወገን ነው» የሚል ያልተጣራ ጭምጭምታ ብቻውን ሌላ ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል። ስህተትም ይደርሳል። በአሜሪካ፣ በአይዳሆ ፎልስ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በተገደለች የ18 ዓመት ወጣት ጉዳይ፣ ቀደም ብሎ የተሞከረ የዘመድ ፍለጋ በአንድ ንጹሕ ሰው ላይ ጥርጣሬ አሳድሮ ነበር። ሰውየውን ያዳነው የራሱ ናሙና በቀጥታ መነጻጸሩ ነው። በዚያው ጉዳይ 20 ዓመት የታሰረ ሌላ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የዘር ሐረግ ምርመራ ወደ እውነተኛው ገዳይ ሲያደርስ ነጻነቱ በፍርድ ቤት ተረጋገጠለት። ስለዚህ እኔ የምደግፈው በጠባብ በር የሚገባውን ዘዴ ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ዘዴውን በዋናነት ለግድያና ለወሲባዊ ጥቃት ወስኖ፣ ውጤቱ ጥቆማ እንጂ የእስር ምክንያት እንዳይሆን ከልክሏል። እኛ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለን፣ የዘመድ ናሙና በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ እንዲወሰድና ቀጥተኛው ንጽጽር እስኪያልቅ የማንም ወገን ስም እንዳይወጣ የሚያስገድድ ደንብ ቢጨመር ፍርሃቱ ይቀላል።

«ገና የዕለቱን ወንጀል ሳንመረምር የ30 ዓመቱን?» የሚል ይኖራል። የሟች እናት ግን ዓመት በጨመረ ቁጥር ጥያቄዋ አይቀንስም፤ የደፈረና የገደለ ሰው ሳይያዝ በቀረባቸው ዓመታትም ሌሎች ልጆች በመንገዱ ያልፋሉ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይርጋው ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል እንኳ መደበኛ የይርጋ ጊዜው 25 ዓመት ነው፤ የምርመራ እርምጃ ሊያቋርጠው ቢችልም የተረሳ መዝገብን የሚያንቀሳቅስ የለም። በዚህ ስሌት የታልቦት ጉዳይ እዚህ ቢሆን ኖሮ ገዳዩ ከመታወቁ 6 ዓመት ቀድሞ ሊዘጋ ይችል ነበር። የሕግ አውጪው ሥራ ይህን ለአስገድዶ መድፈርና ለከባድ ግድያ ማንሳት ነው። እስከዚያው ግን ውድ ማሽን የማይጠይቅ ሥራ አለ፦ ከሟቿ አካልና ልብስ የሚወሰደው ናሙና በእርጥበቱ በፕላስቲክ ታስሮ እንዳይሻግት በንጹሕ ቦታ ይድረቅ፣ በወረቀት ፖስታ ይታሸግ፣ ቀኑና የወሰደው ሰው ፊርማ ይጻፍበት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይመዝገብ፣ መዝገቡ ፍርድ ሳያገኝም እንዳይወገድ በመመሪያ ይከልከል።