ዮጋ፣ ታይ ቺና ዝማሜ፤ ስለ እስትንፋስ አገልግሎት

በደምበጫ ገጠር ገበሬው ሁለት በሬዎችን በአንድ ቀንበር ሲጠምድ ማየት የዘወትር ነገር ነው። «ዮጋ» የተባለው የሳንስክሪት ቃልም ሥሩ መጥመድ፣ ማጣመር ማለት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ዮጋን ከቻይናው ታይ ቺ ጋራ ለማነጻጸር እንሞክራለን፤ ለአንባቢው ቅርብ እንዲሆን የአገራችንን ዝማሜ ሦስተኛ አድርገን እናቀርባለን።

ሦስቱ በውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሁሉም ከመምህር ዘንድ በትዕግሥት ይጠናሉ፤ አካልና ሐሳብ አብረው እንዲሄዱም ይሻሉ። ልዩነታቸው የሚገለጠው እስትንፋስ ምንን እንደሚያገለግል ሲጠየቅ ነው።

በፓታንጃሊ ስም የሚታወቀው የዮጋ ሱትራ ስምንት ክፍሎችን ይዘረዝራል። ከእነዚህም የሰውነት አቀማመጥ ሦስተኛው፣ እስትንፋስን መግዛት አራተኛው ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሐሳብን ወደ ማጽናትና ወደ ተመስጦ ይመራሉ። ስለዚህ እስትንፋስ የሚያገለግለው የአእምሮን ጸጥታ ነው፤ ሰውየውም ብቻውን ይለማመዳል።

ታይ ቺ ግን የትግል ጥበብ ነው። በሄናን ክፍለ ሀገር ከሚገኘው የቼን መንደር ጋራ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ይያያዛል። ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን አገናኝተው አንዱ የሌላውን ኃይል በመዳሰስ ይረዳል፤ ግትር ብሎ የሚቋቋም በቶሎ ሚዛኑን ይስታል። እዚህ እስትንፋስ የሚያገለግለው ሚዛንን ነው።

በዝማሜ ጊዜ ካህናቱ በማሕሌት ቆመው መቋሚያቸውን ይዘው ከዜማው ጋራ ይወዛወዛሉ፤ በመረግድና በጽፋት ከበሮና ጸናጽል ይታከላሉ። እስትንፋስ የሚያገለግለው የሚዜመውን ቃል ነው፤ የአንዱ ትንፋሽ ቢያጥር የጓደኞቹ ዜማ ይቀጥላል።

ዩኔስኮ ዮጋን በ2009 ዓ.ም.፣ ታይ ቺን በ2013 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። ዛሬ ብዙ ወጣት ሁለቱን ከስልክ መስታወት ይማራል። አንዳንዱ «ስፖርት ብቻ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሁሉም አንድ ጸሎት ነው» ይላል። ሁለቱም ፍርዶች የችኮላ ይመስሉናል። ለጤና መተጣጠፍ አንድ ነገር ነው፤ የጥበቡን ዓላማ መቀበል ሌላ ነው። ዝማሜንም መወዛወዝ ብቻ አድርጎ የሚያይ ልቡን ሳያገኝ ይቀራል።

እንግዲህ የጎጃም ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲመለሱ መሪጌታዎችን ስለ ትንፋሽ አያያዝ ጠይቀው ቢጽፉ ንጽጽሩ በጽኑ መሠረት ላይ ይቆማል ብለን እናምናለን።