ዎፈሩን ሳይሆን ሳጥኑን ጠይቁ

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሳልፍ፣ ተበላ ላይ የቆመ ሚኒባስ ባሱን ሲለቀው ከዘፈኑ ቀድሞ የምሰማው የታርጋውን መንቀጥቀጥ ነው። ሾፌሮቹ «ዎፈሩ ትልቅ ነው» ይሉኛል። እኔ የምጠይቀው ግን ሳጥኑን ነው።

ዎፈር ያለ ሳጥን ከንቱ ነው፤ ከፊቱና ከጀርባው የሚወጣው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ድፍን ሳጥን ቦታ አይፈጅም፤ ለባለ 12 ኢንቹ ብዙውን ጊዜ 30 ሊትር ገደማ ይበቃዋል፣ ከበሮውንም ጥርት አድርጎ ያሰማል። ባለ ቱቦው በዚያው ኃይል ይበልጥ ይጮኻል፤ ግን ሰፊ ነው፣ ቱቦው በግምት ከተቆረጠም አንዲት ድምፅ ብቻ ያጓራል። ለተሳፋሪ መኪና ድፍኑን እመርጣለሁ። (የሰው እግር ማስገቢያ ለቱቦ ይሰጣል እንዴ?)

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት የቅጽበት ጉልበት ነው። እንደ ውል ሁሉ ቁም ነገሩ ያለው በደቃቁ ጽሑፍ ነው፤ «አርኤምኤስ» የሚለውን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አመሳክሩ። ባለ 4 ኦም ሁለት ዎፈሮች በትይዩ ሲያያዙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ይህን የማይችል አምፕሊፋየር ሊቃጠል ይችላል። የወር ገቢ በአንድ ቀን ጭስ ሆነ ማለት ነው።

ሕጉም ዝም አላለም፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለድምፅም ጣሪያ እንዲወጣለት ይላል።

አናጺው ዘንድ ስትሄዱ የዎፈሩን ወረቀት ያዙ፤ የሚስማማው ሊትር ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ተጽፏል።