የደረት አልትራሳውንድ እና የሳንባ ሽፋን በሽታዎች

ሳንባ በሁለት ስስ ሽፋኖች የተከበበ ነው፤ አንዱ ከሳንባው፣ ሌላው ከደረት ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። በጤነኛ ሰው በመካከላቸው የሚገኘው ጥቂት ሚሊ ሊትር ማለስለሻ ፈሳሽ ብቻ ነው። ልብ ሲደክም፣ የሳንባ ምች፣ ቲቢ ወይም ካንሰር ሲይዝ ግን ፈሳሹ ይበዛል። «ሳንባው ውሃ ቋጠረ» የሚባለው ያኔ ነው፤ ውሃው ያለው ግን ከሳንባው ውጭ ነው።

ታማሚው ቆሞ የሚነሳው ራጅ ፈሳሹን በግልጽ የሚያሳየው 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲደርስ ነው። አልትራሳውንድ ከዚያ በእጅጉ ያነሰውን ይለያል፤ ጨረርም የለውም፣ አልጋው ድረስም ይመጣል። ታማሚው ቁጭ ብሎ ወደፊት ያዘነብላል፤ አጥንት የድምፅ ሞገድን ስለሚጋርድ የመሣሪያው መዳሰሻ (ፕሮቡ) ጄል ተቀብቶ በጎድን አጥንቶች መካከል ያርፋል። መጀመሪያ የሚፈለገው ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም ነው፤ እሱን ሳይለዩ የሚወጋ መርፌ ጉበት ወይም ጣፊያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከድያፍራሙ በላይ ጠቁሮ የሚታየው ፈሳሽ ሲሆን፣ የተጨመቀው የሳንባ ጫፍ በየትንፋሹ ውስጡ ይወዛወዛል።

የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ግን ፈሳሹን ማግኘቱ ሳይሆን ዓይነቱን መጠቆሙ ነው። እንደ ሸረሪት ድር የተወሳሰቡ ክሮች ከታዩ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል፤ ቲቢ በተስፋፋባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ደግሞ ቲቢ። እነዚህን ክሮች ሲቲ ስካን እንኳ ብዙ ጊዜ አያሳያቸውም። የሚንሳፈፉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ደም ወይም መግል፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የወፈረ ሽፋን ወይም በድያፍራም ላይ የበቀሉ እብጠቶች ደግሞ ካንሰር ሊሆኑ ይችላሉ። ንጹሕ ጥቁር ምስል ግን አያጽናናም፤ ምክንያቱን የሚለየው ተቀድቶ የሚመረመረው ናሙና ነው።

ሲቀዳ መርፌው በጎድን አጥንቱ የላይኛው ጠርዝ በኩል ይገባል፤ ደም ሥሮቹና ነርቩ ያሉት ከታችኛው ጠርዝ ሥር ነውና። በራዲዮሎጂ ክፍል ምልክት አድርጎ ኋላ ዋርድ ውስጥ መውጋት አስተማማኝ አይደለም፤ ታማሚው ሲንቀሳቀስ ፈሳሹም ቦታ ይቀይራል። በክሮች የተከፋፈለ መግል በአንድ ቱቦ አልወጣ ሲል ክሩን የሚያሟሙ መድኃኒቶች በቱቦው ይሰጣሉ፤ ካልሆነ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል።

በሽፋኖቹ መካከል አየር ሲገባም መሣሪያው ይረዳል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዳንኤል ሊችተንስታይን በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሽፋኖቹ አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ ከታዩ በዚያ ቦታ አየር የለም። መንሸራተት መጥፋቱ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የተጣበቁ ሽፋኖችም አይንሸራተቱም። ማረጋገጫው የሚንሸራተተውና የማይንሸራተተው ክፍል የሚገናኙበትን ነጥብ ማግኘት ነው። ስለዚህ ፈሳሽ ከተቀዳ በኋላ ፕሮቡ ዳግም ይቀመጣል፤ የቀረው ፈሳሽ መጠንም፣ አየር ገብቶ እንደሆነም በዚያው ይታያል።