ጫጩቷ በእርግጥ እናት የላትም?

ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ዛፍ ሥር የወፍ ጫጩት አገኛችሁ እንበል። አብዛኞቻችን ፎቶ አንስተን ስቶሪ ላይ እንለጥፍና ይዘናት ወደ ቤት እንሮጣለን። ቆይ! ላባ አውጥታ እየዘለለች ከሆነ መብረር እየተማረች ነው፤ እናቷም ምግብ ይዛ ትመላለሳለች። ድመት ካለ ቁጥቋጦ ላይ አድርጓትና ዞር በሉ። «የሰው እጅ ከነካት እናቷ ትተዋታለች» የሚባለው ውሸት ነው።

ላባ ከሌላት ጎጆዋን ፈልጋችሁ መልሷት። ጎጆው ከጠፋ ከምግብ በፊት ሙቀት ያስፈልጋታል፤ የቀዘቀዘች ጫጩት የበላችው አይፈጭላትም። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ይቀላል። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ግን ማታ ማታ እኛንም ጋቢ ታስለብሳለች። የጫማ ካርቶንና ሞቅ ያለ ውሃ የያዘ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሃይላንድ ይበቃል።

ወተትና ዳቦ በጭራሽ! ውሃም አፏ ውስጥ አታንቆርቁሩ፤ የመተንፈሻዋ ቀዳዳ ምላሷ ሥር ስለሆነ ሳንባዋ ይገባል። እህል ለቃሚ ወፎች እንኳ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳት ነው። እርግብና ዋኔ ለየት ይላሉ፤ ከጉሮሯቸው የሚያወጡትን ወተት መሰል ነገር ይመግባሉ። እሱን ደግሞ ከየትም ሱቅ አትገዙትም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ (ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አመል አይለቀውም)። ከንጋት እስከ ምሽት በየግማሽ ሰዓቱ ስትመግቧት በቀን 24 ጊዜ ገደማ ነው፣ ያውም ለሳምንታት። ክላስ ወይም ሥራ ያለው ሰው በምን ጊዜው? ተሳክቶላችሁ ብታድግ እንኳ ሰው ለምዳለች፤ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ሲመጣ አትሸሽም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው መሰላል ነው።