በሰርኪዩት ቦርድ ላይ የኔትወርክ መስመር ጉድለትን ስለ መመርመር

ከሶዶ ከተማ በላይ ባለው በዳሞታ ተራራ ወጥቶ ወደ ገደል የተጣራ ሰው፣ ማሚቶው እስኪመለስ የቆየውን ጊዜ ቢለካ የገደሉን ርቀት ያውቃል። በቦርድ ላይ ያለ የኢተርኔት መስመርም የሚመረመረው በዚሁ ዘዴ ነው። የጥንዱ መስመር ኢምፒዳንስ 100 ኦም መሆን ሲገባው በአንድ ስፍራ ወደ 150 ቢለወጥ፣ ከቮልቴጁ አንድ አምስተኛው ወደ መጣበት ይመለሳል። ምልክቱ በቦርዱ ውስጥ በአንድ ናኖሰከንድ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ማሚቶው በ1 ናኖሰከንድ ከተመለሰ ጉድለቱ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ ይገኛል፤ ጉዞው ደርሶ መልስ ነውና።

ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የመገናኛው መብራት በርቶ ካየን ጥፋቱን በፕሮግራሙ ላይ እናሳብባለን። እኔም በገዛ እጄ በሠራሁት ቦርድ እንዲሁ ብዙ ደከምሁ። ትንንሾቹ ፓኬቶች ይደርሳሉ፤ 1500 ባይት የሚሆኑት ግን ይጠፋሉ። ይኸውም ፓኬቱ በረዘመ ቁጥር አንዲት ቢት የመበላሸቷ ዕድል ስለሚበዛ ነው፤ አንዲቱ ከተበላሸች ደግሞ ተቀባዩ ፓኬቱን በሙሉ ይጥለዋል። ፍጥነቱን ከ100 ወደ 10 ሜጋቢት ባወርደው ስሕተቱ ጠፋ። ያን ጊዜ ፕሮግራሙን ትቼ ቦርዱን ብመለከት፣ ጥንዱ መስመር ለሁለት የተከፈለውን የግራውንድ ንጣፍ አቋርጦ ያልፋል። የሚመለሰው ከረንት ክፍተቱን መዞር ግድ ሆኖበት ነበር። መስመሩን ባልተቆረጠ ንጣፍ ላይ ባሳልፈው በ100 ሜጋቢትም ደኅና ሠራ።

ፈጣን ኦሲሎስኮፕ በሌለበት ስፍራ፣ ብዙ የኢተርኔት ቺፖች ራሳቸው ምት ልከው ማሚቶውን የሚለኩበት የኬብል መመርመሪያ አላቸው። ለቦርዱ አጭር መስመር መለኪያው ሻካራ ቢሆንም፣ ኬብሉን ከጥርጣሬ ለማውጣት ይበቃል።